እግሬን የደበቅኩባቸው ሁለት ክረምቶች

መጀመሪያ ያሳከከኝ የግራ እግሬ ነው። ከሁለተኛው ጣቴ ከፍ ብሎ፣ የእግሬ ጀርባ ላይ። አምቦ ውስጥ ለተማሪዎች ደብተርና ቦርሳ መግዣ የተዘጋጀ የአምስት ኪሎ ሜትር ሩጫ ሮጬ የገባሁበት ቀን ነበር። ጫማዬን አውልቄ አከክኩት። ካልሲው ነው አልኩ። ሲመሽ ማሳከኩ ወደ ማቃጠል ተለወጠ፤ የውስጥ እግሬ በርበሬ የነካው ይመስል ነደደ። ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ነክሬው ቆየሁ። በማግስቱ ጠዋት ምንም አልነበረኝም።

ከዚህች ማሳከክ የምጀምረው፣ ይህን ከምታነቡት መካከል ዛሬም እግሩን እያከከ "ካልሲው ነው" የሚል ሰው እንደሚኖር ስለማውቅ ነው።

ሌንሴ እባላለሁ። ያን ጊዜ ሃያ ስድስት ዓመቴ ነበር፤ ኮሮና ከመግባቱ ሦስት ዓመት ገደማ ቀደም ብሎ። አምቦ ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት እሠራለሁ። ያደግኩት ከጌዶ ወጣ ብሎ ባለ ገጠር ነው። አፈሩ ቀይ ነው፤ ክረምት ላይ ጭቃው እግር ይዞ አይለቅም። ስምንተኛ ክፍል ጨርሼ ከተማ እስክገባ ድረስ ጫማ የማደርገው ለቤተ ክርስቲያን ብቻ ነበር። ይህ ከበሽታ ጋር ይገናኛል ብሎ የነገረኝ ሰው የለም።

ወደ ሩጫውም ወደ በጎ ፈቃድ ሥራውም ያስገባችኝ ጓደኛዬ ትዕግሥት ናት። ከጎጃም ለማስተማር መጥታ አምቦ የቀረች የባዮሎጂ መምህርት ስትሆን፣ የከተማውን በጎ ፈቃደኞች የምታስተባብረው እሷ ነበረች። በየክረምቱ የወጣቶች ፌስቲቫል ሲኖር አምቦ፣ ጌዶ፣ እጃጂ እየዞርን ውሃ እናድላለን፣ ሰልፍ እናስይዛለን፣ የደከመውን ወደ ሕክምና ድንኳን እንወስዳለን። የእኔ ልዩ ሥራ ማይክራፎኑ ነበር። ልጅ የጠፋባት እናት ስትመጣ በአማርኛም በኦሮምኛም የምጣራው እኔ ነኝ። ከሰኞ እስከ ዓርብ ፋይል ፈልጋ ከማምጣት በቀር ስሟን ማንም የማይጠራት ሴት፣ በፌስቲቫል ቀን "ሌንሴ የታለች? ሌንሴን ጥሯት" ትባላለች። ይህን ማጣት ምን ያህል እንደሚያስፈራኝ የገባኝ በኋላ ነው።

በዚያው ዓመት ክረምት እግሬ ማበጥ ጀመረ። ቀኑን ሙሉ ጭቃ ላይ በነጠላ ጫማ ቆሜ የዋልኩ ዕለት፣ ማታ ሳየው የግራ እግሬ ጀርባ እንደ ሊጥ ኩፍ ብሏል። በጣቴ ስጫነው ይሰረጉዳል። ሲነጋ ይጎድላል። ከሳምንታት በኋላ ግን ሲነጋም መጉደሉን ተወ። ጣቶቼ ተራራቁ፣ ቆዳው ወፈረ፣ በጣቶቼ መካከል እርጥበት አይጠፋም፤ ሽታም መጣ። መድኃኒት ቤት ሄጄ "ለፈንገስ" ብዬ ቅባት ገዛሁ። ካልሲዬን አላወለቅኩም፤ ሻጩም አውልቂ አላለኝም።

እውነቱን ለመናገር ምን እንደሆነ ጠርጥሬ ነበር። የአባቴ እህት፣ አክስቴ፣ ሁለቱም እግሮቿ ያበጡ ነበሩ። ሰው "ዝሆኔ" ይለዋል። መተት ረግጣ ነው የሚሉ ነበሩ፤ የዘር ነው የሚሉም ነበሩ። ከቤታችን ጀርባ ባለች ጎጆ ለብቻዋ ኖራ፣ ለብቻዋ በልታ ሞተች። እኔም ልጅ ሆኜ ምግቧን ሳደርስላት ደጃፉ ላይ አስቀምጬ እሮጥ ነበር። ገብቼ ያየኋት ቀን ትዝ አይለኝም።

ስለዚህ ደበቅኩት። ከቁጥሬ ሁለት የሚበልጥ የወንድ ቦት ጫማ ገዛሁ። ቀሚሴ ረዘመ። ትዕግሥትን "ጉልበቴን አሞኛል" ብዬ ሩጫውን ተውኩና ተቀምጦ ወደሚሠራው ወደ ምዝገባው ጠረጴዛ ተዛወርኩ። ማይክራፎኑንም ለሌላ ሰጠሁ፤ መድረኩ ላይ መውጣት ስላለበት።

በቀጣዩ ዓመት ታናሽ እህቴ ጫልቱ ታጨች። ልጁ የእጃጂ ልጅ ነው፣ ቤተሰቡም የተከበረ። ለፋሲካ ቤት ስሄድ እናቴ እግሬን አየችው። በሩን ዘጋችና ጎንበስ ብላ በእጇ ዳሰሰችው።

"የጫልቱ ሠርግ እስኪያልፍ ለማንም እንዳትናገሪ" አለች። "ለራሷም ለጫልቱ።"

እሺ አልኩ። በዚያ ላይ ደግሞ፣ እናቴ ባትለኝም አልናገርም ነበር።

ከዚያ ከአንድ ወር በኋላ ትዕግሥት የዚያን ዓመት የበጎ አድራጎት ሩጫ ዓላማ ነገረችን። ከመዋጮው በገጠር እግራቸው ለሚያብጥ ሰዎች ሳሙና፣ ቅባትና በልካቸው የተሰፋ ጫማ ይገዛል። ስብሰባው ላይ የሕመሙን ስም ሰሌዳ ላይ ጻፈችው፦ ፖዶኮኒዮሲስ። እኔ ቦት ጫማዬን ከወንበሩ ሥር አስገብቼ ማስታወሻ እይዝ ነበር። ቀና ብዬ አላየኋትም።

የሩጫው ዕለት ቲሸርት የማድለው እኔ ነኝ። ሰልፉ ረጅም ነበር። መሐል ላይ አንዲት ሃምሳ የሚሆናቸው ሴት መጡ። ባዶ እግራቸውን ነበሩ፤ እግራቸው እስከ ጉልበት አብጧል፣ ቆዳው ጎርበጥባጣ ሆኗል። ከኋላቸው የነበሩ ሁለት ወጣቶች ወደ ሌላ ሰልፍ ዞሩ።

"ስም?" አልኩ።

"ወርቄ።"

"ይሮጣሉ ወይስ ይራመዳሉ?"

"እኔማ እራመዳለሁ። እግሬ ይሮጥ እንደሆነ ግን እሱኑ ጠይቂው" ብለው ሳቁ።

አልሳቅኩም። ቲሸርቱን ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ አስቀመጥኩና እጃቸውን እንዳልነካ በጣቴ ጫፍ ወደ እሳቸው ገፋሁት። እኔ ነኝ እንዲህ ያደረግኩት። ከጠረጴዛው በታች የእኔው እግር እየነደደ። አዴ ወርቄ (እኛ ጋ ትልቅ ሴት አዴ ትባላለች) ቲሸርቱን አነሱ፣ ለአፍታ ወደ ታች ተመለከቱ፣ አመሰገኑኝና ሄዱ።

ክረምቱ ገባ። የዚያን ዓመት ፌስቲቫል የተዘጋጀው ጌዶ ነበር። ዝናቡ ሌሊቱን ዘንቦ ሜዳው ጨቅይቷል። ጠዋት ከአምቦ ስነሳ ብርድ ብርድ ብሎኝ ነበር፤ ጃኬት ደረብኩ። አራት ሰዓት ላይ ጥርሴ መንገጫገጭ ጀመረ። ግራ ብሽሽቴ ላይ እንደ ድንጋይ የጠጠረ እብጠት ወጣ። ቦት ጫማው ውስጥ እግሬ ይመታል። ተነሳሁ። አንድ ካርቶን ውሃ ያዝኩ። ሦስት እርምጃ ሄድኩ።

ወደቅኩ።

ጭቃው ፊቴን ነካ። ቀዝቃዛ ነበር። ደስ አለኝ።

በሕክምና ድንኳን ውስጥ ነቃሁ። ትዕግሥት አጠገቤ ናት። ጤና መኮንኑ ቦት ጫማዬን ይዞ ይጎትታል። "አይሆንም" አልኩት። እጁን ያዝኩት። ቦቱ አልወጣም። በመቀስ ቀደደው። ካልሲውንም ቀደደው። ሽታው ድንኳኑን ሞላው። እግሬ እስከ ጉልበቴ ቀልቷል። የድንኳኑ በር ክፍት ነበር። ውጭ የቆሙት አዩ። አብረውኝ ውሃ ያደሉ አዩ። የመንደራችን ሰዎችም ነበሩ። ዓይኔን ጨፈንኩ።

ጌዶ ሆስፒታል አምስት ቀን ተኛሁ። ትኩሳቴ ሠላሳ ዘጠኝ አልፎ ነበር። በደም ሥር አንቲባዮቲክ ተሰጠኝ፤ እግሬ ትራስ ላይ ከፍ ብሎ፣ በእርጥብ ጨርቅ ተሸፍኖ። በሦስተኛው ቀን ራሴን ሳውቅ፣ ቦቴን የቀደደው ጤና መኮንን አጠገቤ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ስሙ ገመቹ ነው። የሚናገረው ቀስ ብሎ ነው፣ አማርኛና ኦሮምኛ እየቀላቀለ።

"ሌንሴ፣ ይሄ እርግማን አይደለም። ትንኝ ያመጣውም አይደለም፤ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። ቀዩ አፈር ውስጥ በዓይን የማይታይ ደቃቅ ብናኝ አለ። ለዓመታት በቆዳ እየገባ የሰውነት ፈሳሽ የሚያልፍበትን የሊምፍ መተላለፊያ ይዘጋዋል። ፈሳሹ መውጫ ሲያጣ እግር ያብጣል። አሁን የጣለሽ ደግሞ በተሰነጠቀው ቆዳሽ የገባ ኢንፌክሽን ነው።"

"ዘር ነው ይላሉ" አልኩ።

"አንድ አፈር ላይ እየኖሩ አንዱ ይታመማል፣ ሌላው አይታመምም። ቆዳው ለዚህ የተጋለጠ ቤተሰብ አለ፤ ይሄን አልዋሽሽም። ግን ከዚያ ቤተሰብም ቢሆን ከልጅነቱ ጀምሮ ጫማ ያደረገና እግሩን የታጠበ ሰው አይታመምም።"

"እድናለሁ?"

"አንቺ ገና መጀመሪያው ላይ ነሽ። እብጠቱ ሊጎድል ይችላል። ግን በየቀኑ ነው። አንድ ሳምንት ታጥበሽ አንድ ሳምንት የምትተይው አይደለም። ዕድሜ ልክ።"

ያለቀስኩት ያን ጊዜ ነው። ዕድሜ ልክ ስላለኝ አይደለም። ሁለት ክረምት ሙሉ የፈራሁት ነገር መድኃኒቱ ውሃና ሳሙና መሆኑ ነው ያስለቀሰኝ። አክስቴን የገደላት ምን እንደነበር ያን ዕለት አሰብኩ።

ወሬው እኔ ከአልጋ ሳልነሳ እጃጂ ደረሰ። የልጁ ሽማግሌዎች ወደ አባቴ ቤት ተመልሰው መጥተው፣ በመልካም ቃል፣ እጮኝነቱን አፈረሱ። ጫልቱ ስልክ ደወለችልኝ። ስለ ሠርጉ ትጮህብኛለች ብዬ ጠበቅኩ።

"ከሰው አፍ ሰማሁት" አለች። "ከአንቺ አይደለም። ነግረሽኝ ቢሆን እኔው ራሴ እነግረው ነበር። ወይ አብሮኝ ይሆን ነበር ወይ ይሄድ ነበር፤ ግን ፊቱን አይቼ።"

ስልኩን ዘጋችው። ለአምስት ወር አላነጋገረችኝም። እናቴም እንደ እኔው ጥፋተኛ ነኝ እያለች ከረመች። ይህን የምጽፈው ለመደበቅ ምክንያት ያላችሁ እንዳላችሁ ስለማውቅ ነው። እኔም ምክንያት ነበረኝ፤ ጥሩም ይመስል ነበር። ሠርጉን ግን አላዳነውም።

ከሆስፒታል ከወጣሁ በኋላ ቅዳሜ ቅዳሜ ገመቹ አምቦ ውስጥ የእግር እንክብካቤ ወደሚሰጥበት ክሊኒክ መሄድ ጀመርኩ። በመጀመሪያው ቀን ግድግዳውን ተከትለው አሥራ አምስት የሚሆኑ ሰዎች በክብ ተቀምጠው፣ እያንዳንዳቸው ፊት ሳፋ ተቀምጦ፣ ልክ እንደ አንድ ቤተሰብ እያወሩ እግራቸውን ሲታጠቡ አገኘኋቸው፤ ባዶ የነበረው ወንበር ደግሞ አንድ ብቻ ሲሆን እሱም ከአዴ ወርቄ ጎን ነበር።

ተቀመጥኩ። ሳፋዬን ሞሉልኝ። ካልሲዬን አውልቄ እግሬን ነከርኩ።

"አዴ ወርቄ" አልኩ፣ "የሩጫው ዕለት ቲሸርት ስሰጥዎት..."

"አውቃለሁ።"

"ይቅር ይበሉኝ።"

"ቦት ጫማሽን አይቼዋለሁ እኮ" አሉ። "በዚያ ፀሐይ የወንድ ቦት! እኔም እንደዚያ ዓይነት ነበረኝ፣ እግሬ እንቢ እስኪለው ድረስ። አሳዘንሽኝ እንጂ አልተቀየምኩሽም።"

"ታዲያ ምነው ያን ጊዜ ምንም አላሉኝ?"

"ምን ልበልሽ? በሰው ፊት ላውጣሽ?" ሳሙናውን አቀበሉኝ። "ጀባዹ፣ በርቺ። በጣቶችሽ መካከል ደህና አድርገሽ እጠቢ። እዚያ ነው ተደብቆ የሚቀረው።"

መታጠቡን ቀላል ነው ብላችሁ እንዳትንቁት፤ ራሱን የቻለ ሥራ ነው። መጀመሪያ በንጹሕ ውሃና በሳሙና፣ ከጉልበት ጀምሮ እስከ ጣት፣ እጥፋት እጥፋቱን እየከፈቱ ማጠብ፤ ቀጥሎ ባለሙያው በነገራችሁ መጠን በረኪና ጠብ የተደረገበት ውሃ ውስጥ መንከር፤ ከዚያ በለስላሳ ጨርቅ፣ በተለይ በጣቶች መካከል፣ አንዲት እርጥበት ሳያስቀሩ ማድረቅ፤ ቅባት መቀባት፤ ከጣት ወደ ላይ ፋሻ መጠቅለል፤ ከዚያ ንጹሕ ካልሲና የተሸፈነ ጫማ። መሥሪያ ቤትም እንኳ ወንበር ላይ ሆኜ ቁርጭምጭሚቴን አዞራለሁ፣ ማታም እግሬን ትራስ ላይ ሰቅዬ እተኛለሁ። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ሳምንታት ምንም ለውጥ አልነበረውም። በአራተኛው ሳምንት ሽታው ጠፋ። ሽታ መጥፋቱን እንደ ቀላል አትዩት፤ ከብዙ ጊዜ በኋላ የቢሮ ባልደረባዬ አጠገብ ሳልሸማቀቅ የተቀመጥኩት በዚያ ሳምንት ነው። በሦስተኛው ወር ገመቹ በሜትር ሲለካኝ የግራ እግሬ ከቀኙ የሚበልጠው በጥቂት ብቻ ሆኖ ተገኘ። ከጣቶቼ ሁለቱ ግን እንደደረቁ ቀርተዋል፤ እስከ ዛሬም እንደ ልባቸው አይታጠፉም።

ትዕግሥት በዚያ ሁሉ ጊዜ አልተለየችኝም፤ ግን ተቀይማኝም ነበር። አንድ ቀን አብረን ወደ ክሊኒኩ ስንሄድ፣ "ያን ቀን ሰሌዳ ላይ ስጽፍ አንቺ ማስታወሻ ትይዢ ነበር" አለችኝ። "አስተማሪ ነኝ፤ ፊቴ የተቀመጠ ሰው እንደታመመ አለማወቄ ነው የሚያበሳጨኝ።"

ጫልቱ የመጣችው በአንድ ቅዳሜ ነው፤ ሳትደውል። ቤቴ ስትገባ እግሬ ሳፋ ውስጥ ነበር። ቦርሳዋን አስቀመጠች። ቆማ ረዘም ላለ ጊዜ እግሬን ተመለከተች፤ አይታው አታውቅም ነበርና። ከዚያ ፎጣውን ከወንበሩ ላይ አንስታ ተንበረከከች።

"ተይ፣ እኔ..." አልኳት።

"ዝም በይ" አለች። "እንዴት ነው የሚደርቀው? አሳይኝ።"

አሳየኋት። አንድ በአንድ፣ በእያንዳንዱ ጣት መካከል አደረቀችው። ስትጨርስ የራሷን ጫማ አወለቀችና እግሯን ከእኔ እግር ጎን አድርጋ፣ "የእኔስ?" ብላ ጠየቀችኝ። ደህና ነበር። እሷ ትምህርት ቤት ስትገባ እኔ ከተማ ገብቼ እልክላት ስለነበር ጫማ አጥታ አታውቅም። ስለ ሠርጉ ያን ዕለትም ከዚያ በኋላም ብዙ አላወራንም። ከሁለት ዓመት በኋላ ሌላ ሰው አገባች፤ ከማግባቷ በፊት ልጁን ይዛው ወደ ክሊኒኩ መጥታ ገመቹን ያሻውን ሁሉ እንዲጠይቀው አደረገች። ያኛው ልጅ ባይሄድ ኖሮ ይሻል ነበር ወይ? አላውቅም። ወድዳው እንደነበር ግን አውቃለሁ።

ኮሮና ሲመጣ ሩጫውም ፌስቲቫሉም ቆመ፤ የቅዳሜውም ክብ ተበተነ፤ እኛ ግን በየቤታችን መታጠቡን ቀጠልን፤ አዴ ወርቄም በየሳምንቱ እየደወሉ "ታጥበሻል?" ይሉኝ ነበር። ሰው መሰብሰብ ሲፈቀድና ሩጫው ሲመለስ ከክሊኒኩ የወጣን ዘጠኝ ሰዎች ተመዘገብን። መንገዱን ሁሉ ተራምደን፣ የሮጥነው የመጨረሻዋን መቶ ሜትር ብቻ ነበር፤ እሷንም አዴ ወርቄ በልካቸው በተሰፋላቸው ጫማ "ዛሬስ ይሮጣል!" ብለው ስለጀመሩ ነው፣ እኛም ተከትለናቸው። መንገድ ዳር የቆመው ሰው አጨበጨበ። ሁሉም አይደለም፤ አፍንጫውን የያዘም ነበር። እየሳቅን አለፍነው።

አሁን በክረምት ፌስቲቫሎች የራሳችን ድንኳን አለን። ጌዶ ሄደናል፣ እጃጂ ሄደናል፣ ባለፈው ዓመት ደግሞ በዚያ ጭቃ መንገድ ካቺሲ ድረስ። ሳፋ፣ ሳሙና፣ ፎጣና ወንበር ይዘን እንሄዳለን። ማይክራፎኑንም መልሼ ይዣለሁ፤ የጠፋ ልጅ ሲኖር እጣራለሁ፣ ሳይኖር ደግሞ ስለ እግር አወራለሁ።

ገመቹን አመሰግናለሁ፤ እውነቱን ሳያጣፍጥ ስለነገረኝ። ትዕግሥትን፣ ተቀይማኝም ስላልተወችኝ። አዴ ወርቄን፣ አይተውኝ ዝም ስላሉ፣ ጊዜው ሲደርስ ደግሞ ሳሙና ስላቀበሉኝ። ጫልቱን ግን እንዴት ማመስገን እንዳለብኝ እስካሁን አላወቅኩም።

ለእናንተ የምላችሁ ይህ ነው። እግራችሁ ቢያሳክክ፣ ቢያቃጥል፣ ማታ አብጦ ጠዋት የሚጎድል ከሆነ፣ የሚጎድልበት ጊዜ ሳያልፍ ሂዱ። ትኩሳትና የብሽሽት እብጠት ከመጣ በዚያው ቀን ሂዱ፤ አትጠብቁ። መድኃኒት ቤት ብትሄዱም ጤና ጣቢያ ብትሄዱም ካልሲያችሁን አውልቁ። ልጆቻችሁን ጫማ አድርጉላቸው፤ ለቤተ ክርስቲያን ብቻ ሳይሆን ለእርሻውም። በቤታችሁ የታመመ ካለ አብራችሁት ብሉ፤ አይተላለፍም። ጤነኛ ጎረቤቶች ደግሞ፣ እጃችሁን ስጡ።

ብቻችሁን ማሳየት የምትፈሩ ከሆነ ክረምት ላይ ወደ ድንኳናችን ኑ። ስማችሁን አንጠይቅም፤ መጋረጃም አለን። ወንበሩ ላይ ተቀመጡ። ካልሲዬን መጀመሪያ የማወልቀው እኔ ነኝ።